ይቅርታውስ ይሁን፤ ወርቁን ማን ይመልስ?

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ምሳዬን ልጎርስ ስል ስልኬ ጮኸ። የከተማችን ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። ሰውየው ከደወለ ወይ መዋጮ ነው ወይ ወንበር ማመላለስ ነውና ጉርሻዬን ወደ ትሪው መልሼ አነሣሁት። «ወንድሜ፣ ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ የክብር እንግዳ አግኝተናል!» አለኝ ደስታ በተናነቀው ድምፅ። ማን እንደሆነች ሲነግረኝ ግን የምግብ ፍላጎቴ ጥሎኝ ሄደ።

ስሟን እዚህ አላነሣም። በአንድ ወቅት አዲስ አበባ ስታዲየም ስትገባ ሕዝቡ ከመቀመጫው ብድግ ይልላት የነበረች ሯጭ ናት። ከዚያ ውጭ ሀገር በተደረገ ውድድር ላይ ተመርምራ የተከለከለ መድኃኒት ተገኘባትና 2 ዓመት ታገደች። ቅጣቷን ጨርሳ ተመለሰች፤ ጥቂት ጊዜ ሮጠች፤ አሁን መሮጡን ትታለች። «አንተ ድሮ የስፖርት ጋዜጠኛ ነበርክ። መድረክ ላይ ስትወጣ የሚነበብ አንድ ገጽ ጻፍልን። ያቺን ብዕርህን አቧራዋን አራግፍላት» አለኝ ሊቀ መንበሩ። እሺም እምቢም ሳልል ተሰነባበትን።

በማግስቱ ከሥራ መልስ የሀገር ልጆች ወደሚሰበሰቡበት ቡና ቤት ጎራ አልኩ። (ለማታውቁኝ፦ ውጭ ሀገር ተምሬ፣ ማስተርሴን ይዤ ወደ ሀገሬ ተመልሼ፣ በጋዜጣ ስሠራ ቆይቼ፣ ዛሬ ሰው ሀገር የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት እቆርጣለሁ። ስለዚህ ስለ መውጣትና ስለ መውረድ የሚያወራችሁ ሰው ፈልጋችሁ ከሆነ አድራሻ አልተሳሳታችሁም።) ወሬውን ጣል ባደርገው ቤቱ ለሁለት ተከፈለ።

አንድ ታክሲ ነጂ ወዳጄ ቀደመ። «ቅጣቷን ጨርሳለች አይደል እንዴ? እኔ የፖሊስ ቅጣቴን ከፍዬ ስጨርስ መንጃ ፈቃዴን አይመልሱልኝም?»

ጥግ ይዘው የሚቀመጡ አንድ አዛውንት ቀጠሉ። «ቅዱስ ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ክዶ የሐዋርያት አለቃ ሆኗል። እናንተ ማን ናችሁና ነው በአንዲት ምስኪን ልጅ ላይ የምትፈርዱት?»

በሆስፒታል የምትሠራ አንዲት ወጣት ስኒዋን አስቀመጠችና፣ «አባባ፣ ጴጥሮስ እኮ ዶሮው ሲጮህ ወጥቶ አልቅሷል። እሷ ስታለቅስ ያየ አለ?» አለች።

ቤቱ ዝም አለ። ታክሲ ነጂው ብቻ «ዶሮው አልጮኸ ይሆናላ!» ብሎ ሳቀ።

እንግዲህ ወደ ገደለው ልግባ። የዚህ ክርክር አባት ቤን ጆንሰን ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 24 ቀን 1988 ሴኡል ላይ 100 ሜትሩን በ9.79 ሰከንድ ሲጨርስ እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። የኛ ቡድን እዚያ አልነበረም፤ መንግሥታችን ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወግኖ ኦሎምፒኩን ረግጦ ቀርቷል። በላይነህ ዴንሳሞ በዚያው ዓመት ሮተርዳም ላይ የማራቶንን የዓለም ክብረ ወሰን ወደ 2:06:50 ባወረደ በወራት ውስጥ ሌሎች ሲሮጡ ሀገሩ ተቀምጦ ቀረ። በፖለቲካ የታገደ ሯጭ ይቅርታ የሚጠይቀው ማንን፣ ይቅርታ የሚጠየቀውስ በማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ይህ ግን የሌላ ቀን ጨዋታ ነው።

ጆንሰን በ3ኛው ቀን ስታኖዞሎል የተባለ መድኃኒት ተገኘበትና ሜዳሊያውን ተነጠቀ። ጃማይካ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ካናዳ የተሰደደ ሰው ነው። ያን ጊዜ በካናዳ አንድ መራራ ቀልድ ነበር፦ ሲያሸንፍ «ካናዳዊው ጆንሰን»፣ ሲያዝ «ጃማይካ የተወለደው ጆንሰን» ተባለ እየተባለ ይቀለድ ነበር። እኛ ስደተኞች ይህን ቀልድ ማንም ሳይተረጉምልን እንረዳዋለን። በሚቀጥለው ዓመት በመንግሥት አጣሪ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ አመነ። ቅጣቱን ጨርሶ በ1991 ተመለሰ፤ በ1992 ባርሴሎና ላይ ከግማሽ ፍጻሜ አላለፈም፤ በ1993 እንደገና ተያዘና ዕድሜ ልኩን ታገደ።

ስለ ጆንሰን የተጻፈው ወረቀት ቢደረደር ከሴኡል ኦታዋ ይደርሳል። ስለ ካልቪን ስሚዝ ግን ስንቶቻችሁ ሰምታችኋል? በዚያ ሩጫ በ9.99 አራተኛ የገባው አሜሪካዊ ነው። ከዚያ ፍጻሜ ሯጮች የአብዛኞቹ ስም በኋላ ከመድኃኒት ጋር ሲነሣ የእሱ አልተነሣም። ነሐሱ የደረሰው ጆንሰን ከተሰረዘ በኋላ ነው። ወርቅ የተነጠቀውን ሰው ዓለም ሁሉ ያውቀዋል፤ ዝም ብሎ የሮጠውን የሚያውቀው ቤተሰቡ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ሕዝቡ ራሱ ዳኛ ልሁን ይላል። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ላይ ሁለት ጊዜ ታግዶ የተመለሰው ጀስቲን ጋትሊን ዩሴይን ቦልትን ቀድሞ በ9.92 የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ስታዲየሙ በጩኸት አዋረደው። ሰውየው ግን ቦልት ፊት ተንበረከከ፤ ቦልትም አቀፈው። ያን ምሽት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ «እሰይ! ይበለው!» ስል እንደነበር አልክድም። ጩኸት ከሩቅ ቀላል ነው።

በዚያችው ከተማ ከ5 ዓመት በፊት የተካሄደውን የሴቶች 1,500 ሜትር ፍጻሜ ግን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ላጫውታችሁ፤ ምክንያቱም እኔን ከይቅር ባዮች ወገን ቀስ በቀስ ያስወጣኝ ይህ ሩጫ ነው። ቀኑ ኦገስት 10 ቀን 2012 ነው። አንደኛ ቱርካዊቷ አስሊ ቻኪር አልፕተኪን በ4:10.23፣ ሁለተኛ የሀገሯ ልጅ ጋምዜ ቡሉት፣ ሦስተኛ ለባሕሬን የምትሮጠው ማርያም ዩሱፍ ጀማል በ4:10.74 ገቡ። ማርያም ማለት የኛዋ ዘነበች ቶላ ናት። የአርሲ ልጅ ነች፤ ከሀገር ወጥታ ስዊዘርላንድ ጥገኝነት ጠይቃለች፤ መለያ የሚሰጣት ሀገር ስትፈልግ ቆይታ በመጨረሻ ባሕሬን ተቀበለቻት። ስሟን ጭምር ለውጣ የሮጠች ስደተኛ ናት ማለት ነው። ከሩጫው ኋላ ሁለቱ ቱርካውያን ባንዲራቸውን ለብሰው ስታዲየሙን ሲዞሩ አየን።

እህሳ? አልፕተኪን በ2004 ገና ወጣት ሳለች ተይዛ 2 ዓመት ታግዳ ነበር። «ልጅ ናት፣ ትማራለች» ተብሎ ተመለሰች። ያ ሁሉ ርኅራኄ መልካም ነበር። ያ ርኅራኄ ግን 8 ዓመት ቆይቶ ለንደን ላይ የዘነበችን ወርቅ ወሰደ። በ2015 አልፕተኪን ለ8 ዓመት ታገደችና ወርቁን መለሰች፤ በ2017 ለሦስተኛ ጊዜ ተይዛ የዕድሜ ልክ እገዳ ወረደባት። ቡሉትም ተሰረዘች። በመዝገብ አንደኛዋ ዘነበች ሆነች። በ2024 ደግሞ አራተኛ ገብታ የነበረችው ሩሲያዊት ስትሰረዝ፣ ያን ቀን ለኢትዮጵያ ሮጣ አምስተኛ የወጣችው አበባ አረጋዊ ሁለተኛ ሆነች። ከ12 ዓመት በኋላ! ያን ቀን የሚዘመረው መዝሙር፣ ያን ቀን የሚፈረመው ውል፣ ያን ቀን እናት በቴሌቪዥን ፊት የምትለው እልልታ በፖስታ አይላክም።

ሌላው ከደጃፋችን ነው። ብዙነሽ ዴባ የአርሲ ልጅ፣ የኒው ዮርክ የብሮንክስ ነዋሪ ናት። የኒው ዮርክ ማራቶንን በ2011 እና በ2013 ሁለተኛ ሆና ጨርሳለች፤ በ2013ቱ ከ3 ደቂቃ በላይ ስትመራ ቆይታ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ነው የተቀደመችው። በኤፕሪል 2014 ቦስተን ላይ 2:19:59 ሮጠች። ከ2002 ጀምሮ የቆየው የቦስተን ክብረ ወሰን 2:20:43 ነበርና በሌላ ቀን ቢሆን ታሪክ ነበር። ያን ቀን ግን ኬንያዊቷ ሪታ ጄፕቱ በ2:18:57 ቀድማት ገባች። በዚያው ዓመት መስከረም አካባቢ ጄፕቱ በተደረገላት ምርመራ ኢ.ፒ.ኦ. የተባለው ደም የሚያበዛ መድኃኒት ተገኘባት። ክርክሩ ተጎትቶ በ2016 የቦስተን ድሏ ተሰረዘና ብዙነሽ አሸናፊ ተባለች።

ተባለች። በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ያለው የሽልማት ልዩነት 75,000 ዶላር፣ ለክብረ ወሰኑ 25,000፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር ነው። አዘጋጆቹ ገንዘቡን ከጄፕቱ ለማስመለስ እየጣርን ነው ሲሉ ዓመታት አለፉ። በኤፕሪል 2024 አንድ ትልቅ ጋዜጣ ታሪኩን ሲያወጣ ገና እጇ አልገባም ነበር። ያን ጽሑፍ ያነበበ አንድ የማያውቃት ነጋዴ ከኪሱ 75,000 ዶላር ላከላት። ልብ በሉልኝ፤ የበላው አልከፈለም፣ ያልበላው ከፈለ። እኔ ያን ዜና ሳነብ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀጥሎ አፈርኩ።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ብዕሬ ይታዘበኛል። ጄፕቱ ስትያዝ ቡና ቤታችን ውስጥ «ድሮስ ኬንያ!» ያልን ሰዎች፣ በ2024 የኛዋ ፀሐይ ገመቹ ለ4 ዓመት ስትታገድና ከ2020 ወዲህ ያለው ውጤቷ ሲሰረዝ «ተንኮል ነው፣ ቀንተውብን ነው» አልን። ያው ወንበር፣ ያው ስኒ፣ ያው አፍ! የሰው ልጅ ሲሆን ፍርድ፣ የራስ ልጅ ሲሆን ይቅርታ። እርግጥ ነው፣ ላቦራቶሪም ስም ያጠፋል። አበባ አረጋዊ በ2016 ለስዊድን ስትሮጥ ሜልዶኒየም ተገኘባት ተብሎ ዓለም ሁሉ ከጻፈ በኋላ፣ የተገኘው መጠን አነስተኛ መሆኑ ታይቶ እገዳው ከጥቂት ወራት በኋላ ተነሣላት። መታገዷን የሰማ ሰው ሁሉ መነሣቱን አልሰማም።

ታዲያ ይቅር አይባሉ ነው የምለው? አይደለም። የታገደ ሯጭ ቅጣቱን ሲጨርስ ይሩጥ፤ እንጀራው ነው። ከጫካ ሥልጠና በቀር ሌላ ሙያ ያልተማረ የገበሬ ልጅ፣ ሥራ አስኪያጅና ሐኪም ነኝ ባይ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ፣ እሱ ብቻ ዕድሜ ልኩን ይራብ ማለት ግፍ ነው። ዝናው ግን ሌላ ነው። ጭብጨባ ደመወዝ አይደለም፤ የቀረ ውዝፍ ተብሎ አይጠየቅም።

በሀገራችን እርቅ ሲታሰብ ሽማግሌ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «የጠፋው ምንድን ነው? የማንስ ነው?» ተብሎ ነው። አጥፊው ጥፋቱን በአፉ ያወጣል። ከዚያ ካሳ ይቆረጣል፤ በአርሲና በሌላውም የኦሮሞ ሀገር ጉማ ይሉታል። እርቁ የሚወርደው ከዚያ በኋላ ነው። ደም የፈሰሰበት ቤት ሳይጠራ ጎረቤት ተሰብስቦ «በኛ በኩል ይቅር ብለናል» ቢል ሽማግሌው ራሱ ይስቅበታል። እኛ ተመልካቾች ግን የምናደርገው ይህንኑ ነው። ከኛ ምን ተወስዶብን? የቲኬት ዋጋ? አንድ ምሽት? እኛ ይቅር ለማለት የምንቸኩለው የተወሰደው የኛ ስላልሆነ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ፤ ፈርቼ ያቆየሁት እዚህ ጋ ነው።

በ2000ዎቹ መጨረሻ ገደማ አዲስ አበባ ስታዲየም በተደረገ የ10,000 ሜትር ማጣሪያ ላይ ነበርኩ። የመጀመሪያዎቹ 3 ለቡድኑ ይመረጣሉ። ዘንድሮ ልንጋብዛት ያሰብናት አንደኛ ወጣች። አራተኛ የወጣችው ልጅ አጥሩን ተደግፋ ጫማዋን ስትፈታ በአጠገቧ ሳልፍ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ የምነግርህን ትጽፋለህ?» አለችኝ። በዝግጅት ጊዜ ከአንደኛዋ ጋር አንድ ክፍል ያድሩ ነበር። መርፌ አይታለች፤ ብልቃጥ አይታለች፤ ማን እንዳመጣውም አይታለች።

«ማስረጃ አለሽ?» አልኳት።

ጥያቄው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ያለ ማስረጃ አልጽፈውም። ነገር ግን ማስረጃ ፍለጋ የጋዜጠኛ ሥራ እንጂ ጫማዋን የምትፈታ የ19 ዓመት ልጅ ሥራ አልነበረም። አንድ ስልክ አልደወልኩም። አንድ ሐኪም አልጠየቅሁም። ጋዜጣው ማታ ይታተማል፤ የጀግናዋ ፎቶ የፊት ገጹን ይዟል። እሷን «እስቲ እናያለን» ብዬ አለፍኩ። ከ2 ዓመት በኋላ ጀግናዋ ስትታገድ ያቺ ልጅ ትዝ አለችኝ፤ የት እንዳለች ግን አልጠየቅሁም። ይባስ ብዬ እገዳዋን ጨርሳ ስትመለስ «ንግሥቲቱ ተመለሰች» የሚል ሁለት ገጽ ሙሉ የጻፍኩት እኔው ነኝ። አንባቢው ወደደው። አራተኛዋ በዚያ ሁለት ገጽ ውስጥ አንድ መስመር አልነበራትም።

ያቺ ልጅ ዛሬ እኔ ያለሁበት ከተማ ናት። ቡድኑ ውስጥ ሳትገባ ስትቀር ክለቧ አሰናበታት፤ ቤይሩት 4 ዓመት በሰው ቤት ሠራች፤ ዲቪ ደረሳትና እዚህ መጣች። ሌሊት ሌሊት በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ከ3 ዓመት በፊት የሀበሻ ሱቅ ውስጥ በርበሬ ስትገዛ አይቼ አወቅኋት። ሰላም ተባባልን፤ ስለ ጤና፣ ስለ ብርዱ አወራን። ስለዚያ ቀን አልተነሣም።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት ከሌሊት ፈረቃ ስትመለስ ቤቷ ሄድኩ። የሥራ ልብሷን ሳታወልቅ ቡና አቀረበችልኝ። ነገሩን ነገርኳት። የክብር እንግዳዋን ስም ስሰማት ፊቷ አልተለወጠም።

«ጋሼ፣ ይቅር ብያት እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነው የመጣኸው?» አለችኝ። «ማን ጠየቀኝና? መጥታ ይህን በር ብታንኳኳ ቡና አፈላላት ነበር። እሷም እንደኔ የድሃ ልጅ ናት። መርፌውን ያመጣው ሰው ግን አንድም ቀን ታግዶ አያውቅም፤ እሱን ለእንቁጣጣሽ አልጠራችሁትም እንዴ?»

የምመልሰው አልነበረኝም። እኔም ጥፋቴን ተናገርኩ፤ ስለ «እስቲ እናያለን»፣ ስለ ሁለቱ ገጽ። ሰማችኝ። ስኒዬን ደግማ ሞላችና፣ «ወርቁስ የማንም ይሁን» አለች። «ልጄ 11 ዓመቱ ነው። ሯጭ ነበርኩ ስለው ስልኩ ላይ ስሜን ፈለገ፤ የለሽም አለኝ። ያን ጊዜ ጋዜጣችሁ ላይ ስንተኛ እንደወጣሁ ጽፈህ ነበር?»

አልጻፍኩም ነበር። ቦታ ለመቆጠብ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ብቻ ነው ያወጣነው።

ያን ቀን ማታ ከአልጋ ሥር ሻንጣዬን ጎትቼ አወጣሁ። ከስደት ጋር ያመጣኋቸው 6 ደብተሮች አሉኝ፤ ባለቤቴ በየዓመቱ «ጣላቸው» ትለኛለች። በአራተኛው ደብተር ውስጥ በራሴ የተጣደፈ እጅ ጽሑፍ አገኘሁት፦ ስሟ፣ የክለቧ ስም፣ 4ኛ፣ 33:12.6። ከጎኑ አንድ የጥያቄ ምልክት አድርጌ ነበር። ምን ለማለት እንደነበር ትዝ አይለኝም።

ገጹን ፎቶ አንስቼ ለልጇ ላክሁለት። ከዚያ ተቀምጬ ሊቀ መንበሩ ያዘዘኝን አንድ ገጽ ጻፍኩ። የእንግዳዋን ድሎች ጻፍኩ፤ እገዳዋንም በዓመቱ ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ፣ ያን ቀን 33:12.6 ሮጣ አራተኛ የወጣችው እኅታችን በዚህ ከተማ እንደምትኖር፣ ከፈቀደች ስሟ ከመድረክ ተጠርቶ ከፊት እንድትቀመጥ፣ እንግዳዋም አስቀድሞ ይህን አውቃ የምትለው ካላት በዚያው መድረክ እንድትል ጠየቅሁ።

ሊቀ መንበሩ ዓርብ ማታ ደወለ። «ወንድሜ፣ በዓል እኮ ነው፤ የመጨረሻዋን አንቀጽ ብናወጣት ምን ይመስልሃል?» አለኝ። አንቀጿ ከወጣች ገጹ በሙሉ ይመለስልኝ አልኩት። ከኮሚቴው ጋር ተነጋግሮ መልስ እንደሚሰጠኝ ነግሮኝ ዘጋ። ይህን ስጽፍ ማክሰኞ ነው፤ እስካሁን አልደወለም።